ያላዘዘው እግር

የያዮ ሰዎች ረጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ማሰቀል ሲፈልጉ የሚጠሩት ኦላናን ነበር። ሌላው ቀና ብሎ አይቶ የሚተወውን ዛፍ እሱ በጠፍር ወገቡን አስሮ ይወጣዋል። ንጉሡ ከስደት ከተመለሱ ሃያ ዓመት ግድም ካለፈ በኋላ፣ አንድ የመስከረም ጠዋት የራሱን ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ ጠፍሩ ተበጠሰበት። ከታች ሆኖ ቀፎውን በገመድ የሚልክለት ወንድሙ ባጫ መጀመሪያ የሰማው የቅርንጫፍ መሰበር ነው። ዘወር ሲል ኦላና በጀርባው ተዘርግቷል፤ ዓይኑ ተከፍቷል።

«እግሬ የት ሄደ?» አለው።

እግሩ እዚያው ነበር፤ ጭረት እንኳ አልነካውም። ባጫ ባቱን ይዞ ቢቆነጥጠው፣ ቢጎትተው፣ ኦላና ገና መልሱን እንደሚጠብቅ ሰው ዓይን ዓይኑን ያየዋል።

ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ከጫካው አወጡት፤ ከዚያም ቡና የጫነ መኪና አስቁመው ጆንያው ላይ አስተኙት። ሚስቱ ዲሪቤ እስከ መቱ ሐኪም ቤት ድረስ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ ይዛ ሄደች። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር እሷ ትሳቀቃለች፣ እሱ ግን ወገቡም እግሩም አይሰማውም። ከማልቀሱ ይልቅ አለማልቀሱ አስፈራት።

ሐኪም ቤቱ ውስጥ የመረመረችው አንዲት ነጭ ሐኪም ነበረች። አማርኛዋ ገና ስለሆነ፣ ኦሮምኛም ስለማትችል አበባየሁ የሚባል ድሬሰር ነገሩን ለባልና ሚስቱ በኦሮምኛ ይመልስላቸዋል። ዶክተሯ በጀርባ አጥንቱ ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ እንደተጨፈለቀ ተናገረች። ፈጽሞ ተበጥሶ እንደሆነ ግን አላውቅም አለች። ኦላናን ገናም ጥምቀትም እዚያው አልጋ ላይ አለፉት። ጭኑ ሟሸሸ። ዘመድ ለጥየቃ በመጣ ቁጥር ቤቱ ወስደን በአገሩ ይሙት ይል ጀመር፤ ዲሪቤ ግን እሺ አላለችም።

ታኅሣሥና ጥር አልፈው በየካቲት ዶክተሯ አንድ ትንሽ የእንጨት ሣጥን ይዛ ገባች። ውስጡ የባትሪ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ከጎኑ ሁለት ሽቦ ወጥቶ ጫፉ በረጠበ ጨርቅ ተጠቅልሏል። የተናገረችው ረዥም ነበር፤ ጡንቻው እንዳይሞት በኤሌክትሪክ ማሠራት እንደሚቻል፣ ይህ ግን መዳን እንዳልሆነ። አበባየሁ ቸኮለና ያን ሁሉ በአንድ ቃል ጨረሰው።

«እግርዎን ልታነቃው ነው፣ ጋሼ ኦላና።»

ዶክተሯ ጨርቆቹን ጭኑ ላይ አስራ መዘውሩን ቀስ አድርጋ አዞረችው። የጭኑ ሥጋ ተኮማተረ፣ ጉልበቱ ተዘረጋ፣ እግሩ ከአልጋው ተነሥቶ አየር ላይ ቆመ።

ዲሪቤ «ያ ዋቃ» ብላ አምላኳን ጠርታ እስከ በሩ አፈገፈገች። ኦላና ግን አልተንቀሳቀሰም። ፊቱ አመድ መስሎ፣ የሌላ ሰው እግር አልጋው ላይ ያገኘ ይመስል አፍጥጦ ቀረ። ዶክተሯ መዘውሩን ስትመልሰው እግሩ እንደ ግንድ ወደቀ።

«አላነሣሁትም» አለ ኦላና። «ሲነሣም አልተሰማኝም። ማነው ያነሣው?»

ጋቢውን ጎትቶ እግሩን ሸፈነው። በማግስቱ ሣጥኑ ሲመጣ ከልክሎ መለሰው፤ የሞተ እግር አታንሡብኝ አለ። ዶክተሯ ኤሌክትሪኩ ሲያነሣው አንተም አብረህ ሞክር ብላ ብትለምነውም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ዲሪቤ ፈርታ ውላ አደረች። ከዚያ አበባየሁን ይዛ ዶክተሯ ዘንድ ሄደችና ያን ሽቦ በእኔ ክንድ ላይ አድርጊው አለች። ዶክተሯ አደረገችላት። ጣቶቿ ማንም ሳያዛቸው ተጨበጡ፤ ላብ አጠመቃት፤ ሆኖም ደግማ እንድታደርግላት ጠየቀች። ስትመለስ ባሏ አጠገብ ተቀመጠች።

«ክንዴ ለሣጥኑ ታዘዘ» አለችው። «ደነገጥኩ። ግን አብሬው ስጨብጥ ኃይሉ የእኔም ሆነ። አንተም አብረኸው አንሣ።»

«ምኑን ይዤ ላንሣ?»

«እንደ ድሮህ። ዛፍ ላይ እንደምትወጣ አድርገህ።»

ኦላና ጋቢውን ከእግሩ ላይ ገፎ ሣጥኑ ይምጣ አለ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ አበባየሁ «አንሣ» ይላል፣ ዶክተሯ መዘውሩን ታዞራለች፣ ኦላና የግንባሩ ሥር እስኪገተር ይታገላል። እግሩን የሚያነሣው ግን ሁልጊዜ ሣጥኑ ነው። ፋሲካ አለፈ፤ የመቱ ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። የዶክተሯ የራሷ ተስፋ እየሳሳ መሄዱን አበባየሁ ከፊቷ ያነብ ነበር።

አንድ ቀን ዶክተሯ ጨርቆቹን ውኃ ነክራ ትጨምቅ ነበር። ሣጥኑ ገና አልተከፈተም። አበባየሁ ከልማድ ብዛት ቀደመና «አንሣ» አለ።

ተረከዙ አንሶላውን እየጎተተ ተሳበ፤ የግራ ጉልበቱ በትንሹ ታጠፈ።

ዶክተሯ ከእጇ ውኃው እየተንጠባጠበ ሣጥኑን ማን ነካው ብላ ጠየቀች። አበባየሁ ማንም አለ። ሽቦዎቹ እንደተጠቀለሉ ወለሉ ላይ ነበሩ። ኦላናን ድገመው አለችው፤ ደገመው። እሷም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ኦላና አልሳቀም። አጠገቡ ወደ ተቀመጠችው ዲሪቤ ዞረ።

«እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ» አለችው።

ግራው እያደር በረታ፤ ቀኙ ግን እስከ መጨረሻው ደካማ ሆኖ ቀረ። ዶክተሯ ስታሰናብተው እውነቱን አልሸሸገችም። ገመዱ ጨርሶ አልተበጠሰም ነበር፤ ያዳነህ ሣጥኑ ይሁን ጊዜው ወይም ያንተ ትግል፣ አላውቅም አለችው። በሌሎች በሽተኞች ሞክራው ምንም ያልፈየደላቸውም እንደነበሩ ነገረችው።

በሁለት ምርኩዝ ያዮ ገባ። ዛፍ መውጣቱ ቀረና ቀፎ መሥራት ያዘ፤ ባጫ ይሰቅልለታል። ወደ ሁሩሙ ገበያ የሚሄድ ሰው በመንገድ አስቁሞ እግሩን እንዲያነሣ ሲጠይቀው አንሥቶ ያሳያል፤ ሰውም አፉን ይዞ ይሄዳል።

ከዲሪቤ በቀር ማንም የማያየው ግን የጠዋቱን ነው። ከመኝታው ሲነቃ ወዲያው አይነሣም። ጋቢውን ገልጦ የግራ እግሩን ያየዋል፣ ያዘዋል፣ ይጠብቃል። ዲሪቤም እግሩ እስኪንቀሳቀስ ትንፋሿን ይዛ ከጎኑ ትጋደማለች።