ሰውዳ ያላመነችው ጥያቄ

የሰውዳ አክስት ራሒማ ፊታቸው በርቶ ወደ ጨርቅ ሱቁ ገቡና «ኸይሩ ለአባትሽ ሽማግሌ ልኳል» አሏት። ኸይሩ ከሀዋታ ከተማ ሰሊጥ እየጫነ ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የሚመላለስ፣ ሲመጣም እዚያው ያለው እነሰውዳ ሱቅ ጎራ ሳይል የማይመለስ ነጋዴ ነው።

ሰውዳ ጨርቅ ማጠፏን ሳታቋርጥ «ናጂያን ማለቱ ነው» አለች።

«እህትሽ ባል አላት።»

«ማግባቷን አልሰማ ይሆናላ።»

«ልጇን አዝላ ስንቴ አይቷታል፣ አንቺ» ብለው አክስቷ ሳቁ። ሰውዳ አልሳቀችም።

ልጆች ሳሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቀይዋ ናጂያ አምራ ለብሳ ሳሎን ትቀመጣለች። ጠይሟ ሰውዳ ጓዳ ትቀራለች። እናታቸው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ «አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ አግዢኝ» ነበር የሚሏት። ሰውዳ ግን «አንቺ ለዓይን አትሆኚም» ያሏት ይመስላት ነበር።

ማታ እህቷ ዘንድ ሄዳ ይህንኑ ነገረቻት። ናጂያ ልጇን እያጠባች ሰማቻት።

«እኔ ደግሞ እቀናብሽ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ጓዳ ከእማ ጋር ስትሳሳቁ ይሰማኛል። እኔን ማንም አያጫውተኝም፤ ዝም ብዬ እታያለሁ። እማ የምትወደው አንቺን ብቻ ይመስለኝ ነበር።»

ሰውዳ እህቷን እንደ አዲስ አየቻት። ሁለቱም መጀመሪያ አለቀሱ፣ ቀጥሎ ሕፃኑ እስኪነቃ ድረስ ሳቁ።

ዓርብ ከስግደት በኋላ ኸይሩ መጣ። አክስቷ ራሒማ አጠገባቸው ተቀምጠዋል።

«ለምን እኔን?» አለችው ሰውዳ።

«ጨርቅ ፈልጌ የምመላለስ መስሎሽ ነው? ቤቴ እኮ ጨርቅ በጨርቅ ሆነ። ካንቺ ጋር ሳወራ የመንገዱ ድካም ይለቀኛል። ሌላ ምን ልበልሽ?»

«ትቀልዳለህ» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ዋጠችው። በሱ ፈንታ «ሱቁን አልተውም» አለች። «ሀዋታ ወስደህ ልታስቀምጠኝ ከሆነ ካሁኑ ንገረኝ።»

አክስቷ ደንግጠው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ኸይሩ ግን ፈገግ አለ። «ጠይብ፣ እሺ፣ እኔው ገዳሪፍ እገባለሁ።»

ከረመዳን በኋላ ተጋቡ። ዛሬም አንዳንድ ቀን ያ የቆየ ስሜት ብቅ ይልባታል። ያኔ ዝም ብላ አትብሰለሰልም፤ «ዛሬ ደግሞ ራሴን ጠላሁት» ትለዋለች። ኸይሩም ያለውን ሥራ ትቶ አጠገቧ ይቀመጣል።