ከሚስስ ክሌግ ቤት የተደወለው ስልክ

ኔቪል ሆሮክስ ስልሳ ስድስት ዓመት ሞልቶት ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎታል። በወጣትነቱ ያወጣው ሸክላ ግን እርጅና የሚባል ነገር አያውቅም። «መጥፎ ጎረቤቶች» የተባለው የፓንክ ሙዚቃ ባንዳቸው እ.ኤ.አ. በ1977 በእንግሊዟ ኦልድሃም ከተማ አንድ አልበም ቀዳ፤ ከዚያ እርስ በርሱ ተጣልቶ ተበተነ። ጊታሩ በቅጡ አልተቃኘም፣ ኔቪልም ይጮሃል እንጂ ይዘፍናል አይባልም፤ ሬዲዮ ጣቢያዎቹ በእጃቸውም ሊነኩት አልፈለጉም። ያ አልበም ነው እንግዲህ አባት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ እያወረሰው እዚህ የደረሰው። ጋዜጠኞች ምስጢሩ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁት ኔቪል ደረቱን ነፋ አድርጎ እውነት ስለሆነ ነዋ ይላቸዋል። ያልደረሰብንን አልዘፈንንም፤ አድማጭም ውሸትን በጆሮው ያሸታል።

ከሁሉ የተወደደው ዘፈን ስለ ጎረቤታቸው ስለ ሚስስ ክሌግ የተዘፈነው ነበር። ልጆቹ የሚለማመዱት የኔቪል ወላጆች ቤት፣ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው፤ ከሚስስ ክሌግ ቤት የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ብቻ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፖሊሶች ደረጃውን ወጥተው የድምፅ ማጉያውን ወሰዱ፤ ሲሳደብ የነበረውን ኔቪልንም ጨምረው ወስደው አሳደሩት። ከፖሊሶቹ አንዱ ስልኩ የተደወለው ከጎረቤት ነው ሲል አመለጠው። በዚያ ተርታ ስልክ ያለው የክሌግ ቤት ብቻ ነበር። ሳምንቱ ሳያልቅ ዘፈኑ ተወለደ፦ «ክሌግ፣ ክሌግ፣ ደውዪ!» የሚል አዝማች፣ በመካከሉ ለጎረቤት ቀርቶ ለጠላትም የማይባል ስድብ። ስሟን እንኳ አልቀየሩትም። የሰው ስም ጠርቶ መሳደብ ያን ጊዜ ጀግንነት ይመስላቸው ነበር።

ዘንድሮ አልበሙ እንደገና ታተመ፤ የከተማው አዳራሽም ለመታሰቢያ ዝግጅቱ ተከራየ። ጃኬታቸውን በመርፌ ቁልፍ የሞሉ ወጣቶች ከሊድስም ከግላስጎም እየመጡ የሚስስ ክሌግን በር በቡጢ ይደበድባሉ፤ አዝማቹን ጮኸው ፎቶ ተነስተው ይሄዳሉ። ኔቪል ይህን ሲሰማ ስቋል፤ በአንድ ቃለ መጠይቅም የአገሩ ወግ ሆኗል ብሎ ቀልዶበታል።

ከዚያ የሴትዮዋ የእህት ልጅ ጆሲ ገበያ መሃል አገኘችው። ሰላም እንኳ አላለችውም።

«አክስቴ በር መክፈት ትታለች፣ ኔቪ» አለችው። «ባለፈው ነርሷ አንኳኩታ አንኳኩታ ሲሰለቻት ተመለሰች። አክስቴ ወጥ ቤት ውስጥ ወድቃ፣ ክንዷ ተሰብሮ ትሰማታለች። ድምጿን ያላሰማችው ለምን ይመስልሃል? ካንተዎቹ አንዱ መስሏት ነው።»

«ልጆቹ እኮ ዘፈኑን ስለሚወዱት...»

«ይውደዱት። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።»

ኔቪል የገዛውን ዓሣ እዚያው ረስቶት ሄደ። የሰው ክንድ ሰብሮ መሳቅ ምን ይባላል? በማግስቱ ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄደ፤ በጓሮ በኩል ነው የገባው። በዚያ ሰፈር የፊት በር የሚያንኳኳው ቤት ኪራይ ሰብሳቢና ፖሊስ ነው፤ ጎረቤት በጓሮ ይገባል። ሚስስ ክሌግ ክንዳቸው በጨርቅ ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሲያዩት አልደነገጡም፤ በአንድ እጃቸው ማንቆርቆሪያውን ጣዱ። መንገድ ሙሉ ያጠናውን ይቅርታ ትቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ያን ጊዜ ቢደውሉብንም እኮ እውነትዎን ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሰላም ነስተንዎት ነበር።»

«እኔ አልደወልኩም» አሉት ሻዩን እያማሰሉ። «የደወለችው ዶሪን ናት።»

ዶሪን እናቱ ናት። ከሞተች ቆይታለች።

ሚስስ ክሌግ ነገሩን ሳይቸኩሉ ነገሩት። አባቱ ያኔ የጥጥ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበር፤ ቀን ነው የሚተኛው። የዚያን ዕለት በጩኸቱ ተነስቶ መዶሻ አወጣ፤ ቢራዬን ልጨርስና የልጁን ጣቶች አንድ በአንድ እሰብራለሁ ብሎ ዛተ። የዛተውን የሚያደርግ ሰው መሆኑን ሚስቱ ታውቃለች። በጓሮ ሮጣ መጥታ ፖሊስ ይቅደመው አለች። ቁጥሩን ያዞሩላት እሳቸው ናቸው፤ ያናገረችው ግን እሷ ናት። ኔቪል ፖሊሶቹ ሲያወርዱት አባቱ ደረጃው ሥር መዶሻ ይዞ እንደነበር አስታወሰ። የድምፅ ማጉያውን ሊሰብር መስሎት ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አስምላኝ ነዋ። ልጄ እናቴ አስያዘችኝ እንዳይል አለች። ከዚያ ደግሞ ዘፈንህ መጣ። እሷ ብትሆን አትችለውም ነበር፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ እኔ ቻልኩት።» ሻዩን ገፋ አደረጉለት። «አሁንም ለማንም እንዳትናገር። በሬን እንዳይደበድቡ ብቻ ንገርልኝ፣ ልጄ። ሌላ አልፈልግም።»

እሺ አላቸው። ከልቡም ነበር።

ከዚያ በኋላ አልበሙን መስማት አቃተው። እውነት ነው እያለ የማለበት ዘፈን ከሁሉ የባሰው ውሸት ሆኖ ተገኘ። ያሳፈረው ደግሞ ውሸትም ሆኖ ማማሩ ነው። ባንዱ ዘፈኑን ለመዝለል ተስማማለት።

በዝግጅቱ ምሽት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከመድረኩ ሥር አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ እሱ ራሱ የረሳውን ግጥም ሁሉ አብራው ትዘፍናለች። ያን ዘፈን ሲዘሉት ግን ሕዝቡ «ክሌግ! ክሌግ!» እያለ ወለሉን በእግሩ መደብደብ ጀመረ። ኔቪል እጁን አነሳ። የሴትዮዋን በር ተዉላቸው፣ አርጅተዋል፣ ታመዋል አለ። አንዱ ከኋላ «ደውላ ነገረችህ እንዴ?» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ያኔ ነው የተሳሳተው። እውነቱን ካልነገራቸው አይተዉም ብሎ አሰበ፤ ይህ ሰበቡ ነው። ሌላም ነበረበት፤ ጥሩ የመድረክ ወሬ እንደሚወጣው ሸትቶታል፣ ጭብጨባውም ናፍቆታል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።

«ሚስስ ክሌግ አይደሉም የደወሉት» አለ። «የገዛ እናቴ ናት። ዶሪን ናት።»

ከዚያ አዳራሹ በደስታ አበደ። በገዛ እናቱ የተያዘ ፓንክ! ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋሉ? ኔቪል ስለ መዶሻው ሊነግራቸው ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አለ፤ ድራም መቺው ግን ዘፈኑን አስጀምር የተባለ መስሎት መምታት ጀመረ። ሕዝቡ ማንም ሳያዘው ስሙን ቀየረ፦ «ዶሪን፣ ዶሪን፣ ደውዪ!» ስድቡንም ሳያጎድሉ አንድ በአንድ አወረዱባት። የኔቪል አፍ ለምዶበት ኖሮ አብሯቸው ዘፈነ።

በነጋታው በጓሮ ሲገባ ጆሲ ስልኳን ይዛ ከአክስቷ አጠገብ ተቀምጣለች። የምሽቱን ቪዲዮ አይተውታል። መንገዱ ጭር ብሏል፤ በር የሚደበድብ የለም። ኔቪል ጥፋቱ እየታወቀው፣ እንደ ሕፃን ልጅ፣ ዛሬ እንኳ አልመጡብዎትም አይደል አላቸው።

«አልመጡም» አሉ ሚስስ ክሌግ። የተቆጡ አይመስሉም፤ የደከማቸው ነው የሚመስሉት። «በሩን እኮ እችለው ነበር፣ ኔቪ።»

ስለ መዶሻው ሊነግራቸው ሞክሮ እንደነበር አስረዳ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑን ለሳቸው ማን ይነግራቸዋል? እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ልጆቹ የዶሪንን መቃብር ያውቁታል?» ብለው ጠየቁት።

መቃብሩ ከመንገዱ ጫፍ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው፤ ስሟን በድንጋዩ ላይ በትልቁ ያስቀረጸው እሱ ራሱ ነው። ኮቱን አንስቶ ጉልበቱ በቻለው ፍጥነት ወደዚያው ወረደ።