ዘላለም የተረጎመው ፈቃድ

ኩዌት ውስጥ ፋርዋኒያ ባለው የጋራ ቤታቸው ከስድስቱ ወንዶች እንግሊዝኛ የሚያውቀው ዘላለም ብቻ ነበር። የባንክ መልእክትም ሆነ የሐኪም ወረቀት ለእሱ ነው የሚሰጠው። እሱም ደስ ይለዋል፤ "ይሄ አልገባኝም" ማለት ግን ሞቱ ነው።

በኮሮናው የመጀመሪያ ዓመት፣ ኤርፖርቱ በተከፈተ ሰሞን፣ ራይ በሚባለው ሰፈር ያለው የሚሠሩበት መጋዘን ሕንዳዊ ማናጀር አብረዋቸው የሚኖሩትን ጋሽ ገብረመድኅንን አስጠራቸው። የመጋዘኑ አንጋፋ ዘበኛ ናቸው፤ ዐረብኛ እንጂ እንግሊዝኛ አያውቁም። ባለቤታቸው ላቀች አገር ቤት ታማባቸው የእረፍት ፈቃድ ሲለምኑ ከርመዋል። ዘላለምን አስከትለው ገቡ።

ማናጀሩ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ፣ "ዊ ሃቭ ቱ ሌት ዩ ጎ" አለ።

ዘላለም ቃሎቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። "እንዲሄዱ ልንለቅዎት ነው ይላል። ፈቃድዎ ወጣ ማለት ነው፣ ጋሼ።"

"መመለሻዬስ?"

ይህን ማናጀሩን መጠየቅ ነበረበት። ሰውየው ያዘነ መስሎታል፤ ለምን እንደሚያዝን አልገባውም፤ አለመግባቱ እንዲታወቅበትም አልፈለገም። "ኮሮናው ረገብ ሲል ቲኬት ይቆርጡልዎታል" አላቸው፣ ከራሱ ጨምሮ።

ጋሽ ገብረመድኅን ደጋግመው አመስግነው የቀረበላቸውን ወረቀት ሳያስነብቡ ፈረሙ። በዚያው ሳምንት አንድ የጀህራ ባለእርሻ ለዘበኝነት ቢፈልጋቸው፣ "ሥራ አለኝ፤ እረፍት ነው የምወጣው" ብለው መለሱለት።

አገር ቤት በገቡ በሦስተኛው ወር ደወሉ። "ላቀች ተሽሏታል። እስቲ የመመለሻዬን ነገር ጠይቅልኝ፣ ልጄ።"

ዘላለም ሄዶ ጠየቀ። ማናጀሩ ግራ ገብቶት አየው። "ሥራ ስለቀነሰ አሰናበትናቸው እኮ። ኢቃማቸውም፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ተሰርዟል። አንተው አይደለህ የነገርካቸው? ሲያመሰግኑኝ እንኳ ገርሞኝ ነበር።"

ማናጀሩ ያኔ "ሌት ዩ ጎ" ያለው፣ ከሥራ አሰናብተንዎታል ማለቱ ኖሯል።

ዘላለም በማግስቱ፣ ባለእርሻው አሁንም ይቀጥራቸው እንደሆነ ሊጠይቅ ጀህራ ወረደ። ሰውየው ምን ላድርግ በሚል እጆቹን ዘረጋ። "ያኔ ቢነግሩኝ ኢቃማቸውን ወደ ስሜ አዞርላቸው ነበር። አሁን ከአገር ወጥተዋል፤ ቪዛውም ዝግ ነው።"

ሁለት ቀን ስልካቸውን ሳያነሳ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ራሱ ደውሎ ሁሉንም ነገራቸው፤ ከራሱ የጨመረውንም አልደበቀም።

"የማናጀሩ ፊት ያን ለታ ደስ አላለኝም ነበር" አሉ ጋሽ ገብረመድኅን። "አንተን አምኜ ነው የፈረምኩት።"



አሁን በበዓል በበዓል ይደዋወላሉ። ስለ ላቀች ጤና፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። የኩዌትን ነገር ሁለቱም አያነሱትም።