የሺመቤት ቢቱአሕ የገዛች ቀን

ጎረቤቴ የሺመቤት እዚህ እስራኤል ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ደረጃ ስታጥብ ኖራ በመጨረሻ የራሷን የጽዳት ድርጅት ከፈተች። ድርጅት ሲባል እሷ፣ የወንድሟ ሚስት እልፍነሽ፣ ወለላ የምትባል ሠራተኛና ሦስት ማጋቭ ነው፤ ማጋቭ ያው የወለል ውሃ መግፊያው። ስሟን ግን በካርድ አሳትማለች። አንድ ፎቅ ላይ በር ለበር ለምንኖረው ለእኔ እንኳ አራት ካርድ ሰጥታኛለች፣ እንዳትጠፋኝ ብላ ይመስለኛል።

ያን ሰሞን ያቭነ ውስጥ ባለ አምስት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ልታገኝ ነበር። የሕንፃው ኃላፊ ካሪን ወዳታለች፣ ውሉም ተጽፏል። የቀረው የድርጅቱ ቢቱአሕ ብቻ ነው፣ ማለት የመድን ወረቀት። ሐሙስ የካሪን ቢሮ ሳይዘጋ ካላመጣች ሥራው ለሌላ ይሰጣል።

ሐሙስ ዕረፍቴ ነው፤ መኪናም አለኝ። ጠዋት ከቂርያት ማላኪ ተነስተን ገደራ፣ ሽሎሞ የሚባል የመድን ወኪል ዘንድ ሄድን።

ሽሎሞ ቀጭን፣ ትሑት ልጅ ነው። ያለውን የሽፋን ዓይነት በዕብራይስጥ እያነበበላት የምትፈልገውን እንድትመርጥ ነገራት። አንዷ ሠራተኛሽ ከመሰላል ብትወድቅ፣ አለ። የሺመቤት ሽምቅቅ አለችና ይሄን አውጣልኝ አለችው። እርጥብ ወለል ላይ ሰው አዳልጦት እግሩ ቢሰበር። እሱንም አስወጣችው። እሳት ቢነሳ። አውጣ። እኔ ጎኗን ነካ አድርጌ ምን ሊቀርልሽ ነው ብላት፣

"ጓዴ፣ እልፍነሽን በገዛ ገንዘቤ ከመሰላል ልጣላት?" አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር እኛ ዘንድ ክፉን ነገር እንዲሁ በደረቁ አይጠሩትም። ሲጠሩት ሰምቶ ይመጣል። ሽሎሞ ይሄን የት ያውቃል፤ ያለችውን ሁሉ እየሰረዘ ሄደ። መጨረሻ ላይ የተረፈው ማጋቮቹ ቢሰረቁ የሚከፍለው ነበር። ዋጋውም ረከሰ። የሺመቤት ቤሰደር፣ እሺ፣ ብላ ፈረመች። መኪና ውስጥ ደግሞ እኔ ለመኪናዬ መድን የምከፍለውን ጠየቀችኝና አዘነችልኝ።

ያቭነ ስንደርስ ካሪን ወረቀቱን አነበበች፤ ገልብጣም ከጀርባው የቀረ ነገር ካለ ፈለገች። ከዚያ ሰው ቢወድቅ የሚለው ከሌለበት ቁልፉን መስጠት እንደማትችል በቀስታ ነገረቻት። ቢሮው ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል።

ወደ ገደራ ተመለስን። ከተማው መግቢያ ላይ የሺመቤት፣ "ሃያ ዓመት የሰው ማጋቭ ገፋሁ፣ አንድ ሕንፃ በስሜ ሳልይዝ ልቅር ነው?" አለች።

እንግዲያው ጆሮሽን ደፍነሽ ፈርሚ አልኳት።

"እሱ አፉን ያስተካክል፣ እኔ እፈርማለሁ።"

ያኔ ገባኝ። ቢሮው እንደደረስን ሽሎሞን ወደ ጎን ወስጄ ሁለት የአማርኛ ቃል አስጠናሁት። ልጁ ሰባት ጊዜ ሞከረ፣ ላብ እስኪያጠምቀው። ከዚያ ፊቷ ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ክፉ አይንካሽና" አለ በአማርኛ፤ የቀረውን በዕብራይስጥ፣ ሠራተኛ ከመሰላል ብትወድቅ።

"አሜን" አለች የሺመቤት። "ጻፈው።"

ክፉ አይንካሽና ሰው ቢያዳልጠው። አሜን፣ ጻፈው። እሳቱም፣ የቧንቧው ውሃም፣ የተሰበረው መስታወትም እንዲሁ። አጠገባችን የተቀመጠችው የሽሎሞ ጸሐፊ ሞራን ሳትቀር አሜን ማለት ጀመረች። የሺመቤት እየተመረቀች አሥራ አራት ገጽ ፈረመች። ዋጋው ከጠዋቱ ብዙ እጥፍ ሆኖ ሳለ ትንፍሽ አላለችም።

ያቭነ ስንደርስ ካሪን ቦርሳዋን አንጠልጥላ በር ላይ ነበረች። ቆማ አነበበችውና ፈገግ አለች።

"አሁን ሰው ቢወድቅ እንኳ፣ ሐስ ወሐሊላ፣ አንፈራም" አለች። ሐስ ወሐሊላ እግዜር ያርቀው እንደማለት ነው።

የሺመቤት ቁልፉን ተቀብላ ወደኔ ዞረች። "አየህ? ይቺ ማንም ሳያስጠናት ታውቃለች።"

እስከ ቂርያት ማላኪ ድረስ ቁልፉን በእጇ እንደያዘች ሄደች፣ ቦርሳ እያላት። እኔም ስለ አሜኗ ሳላበቃ ስቀልድባት ቆየሁ። ሰፈራችን ልንገባ ስንል ድምጿን አለሳልሳ፣

"ጓዴ፣ አንተስ የሕይወት መድን አለህ? ክፉ አይንካህና፣ አንድ ቀን ድንገት..." ስትል፣ ራዲዮኑን ከፍ አደረግኩት።