የሻረግ በሥዕሉ ፊልም ላይ የሰጠችው አስተያየት

መሪጌታ ወልደ ኪዳን በላስታ አድባራት ሥዕል ሲስሉ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ዓይናቸው ከደከመ ግን ሦስት ዓመት ሆኖታል። በቤታቸው ሸራ ወጥረው ልብሱንና መደቡን አሁንም ራሳቸው ይቀባሉ፤ ፊቱንና ጣቱን የምትስለው ልጃቸው የሻረግ ናት። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሰው «እጅዎን ይባርከው» ሲላቸው አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ፤ ቤት ሲገቡ ደግሞ ልጃቸውን ቀና ብለው ማየት ያቅታቸዋል።

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በተፋፋመበት ጊዜ፣ ከደሴ የሲኒማ መኪና ላሊበላ ገባ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተሸፍነው ሕዝቡ በቀትር ጨለማ ውስጥ ተቀመጠ። መሪጌታም ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ።

ፊልሙ አንድም ሰው የማይታይበት፣ ሁሉ ነገር በሥዕል የተሠራ የፍቅር ታሪክ ነበር። አንዲት ሸማኔ ልጅና አንድ ጀልባ ቀዛፊ ይዋደዳሉ። ጦርነት ይለያያቸዋል። እሷ ወንዙ ዳር ስትጠብቀው ጠጉሯ ይሸብታል፤ በመጨረሻ ይገናኛሉ። ቋንቋው የባዕድ ስለሆነ ካድሬው ጓድ አዝመራው በአማርኛ እየተረጎመ ነገራቸው። መሪጌታ ብርሃኑ ሲንቀሳቀስ እንጂ ሌላው ብዙም አልታያቸውም፤ የልጃቸው ትንፋሽ ግን አልፎ አልፎ ሲቆም ይሰማቸው ነበር።

ሲያልቅ ብርድ ልብሱ ተነሣ። ጓድ አዝመራው «እንግዲህ እንደ ልማዳችን በጠንካራና በደካማ ጎኑ ላይ እንወያይ» አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ታፈረ ቀድሞ ተነሣና ፊልሙ ሠርቶ አደሩን ማሳየቱ ጠንካራ፣ ገበሬውን መርሳቱ ደካማ ጎኑ መሆኑን ተናገረ። ተጨበጨበ። ቀጥላ የሻረግ እጇን አወጣች።

«ጠንካራው ወንዙ ነው» አለች። «ውኃን እንዲያው መሣልም ይከብዳል፤ እነዚህ ሲፈስ ስለውታል። ልጅቷ ስትሸምን ሲመሽ ትከሻዋ ዝቅ ይላል። ድካምን በቀለም የሚያሳይ ሰው እጁ የተፈታ ነው።»

«ደካማውስ?» አለ ጓድ አዝመራው።

«ፍቅሩ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። እሷ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ሲለያዩ ሲያለቅሱ አየሁ፤ ሲዋደዱ ግን አላሳዩንም። ገና ከጀልባው ሲወርድ ወደዳት። ቆንጆ ስለሆነች ብቻ ከሆነ፣ እሷን ያን ሁሉ ዓመት ምን አስጠበቃት? አንድ ቀን አብረው ማዕድ ሲቀርቡ፣ ወይም ተኳርፈው ሲታረቁ ቢስሉልን አምን ነበር። ደግሞ ሁልጊዜ በጎን ነው የሳሏቸው። እኛ ዘንድ በአንድ ዓይን የሚሳለው ከሃዲው ነው። መጨረሻ ሲገናኙ እንኳ ፊታቸውን ወደ እኛ አላዞሩትም። ሁለቱንም ዓይኗን ባይ ኖሮ አለቅስ ነበር።»

አሁን የሳቀ አልነበረም። ታፈረ ግን ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ «እኅቴ፣ ይህን የሠሩት የተማሩ ሰዎች ናቸው። አንቺ ለአባትሽ ቀለም ከመበጥበጥ በቀር ስለ ሥዕል ምን ታውቂያለሽ?» አላት።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ ታፈረ፣ እናትህ ስሜነሽ ሁልጊዜ የሚሳለሙትን የእመቤታችንን ፊት የሳለችው እሷ ናት። ከሦስት ዓመት ወዲህ በእኔ ስም የተመሰገነው ፊት ሁሉ የእሷ ነው። ዓይኔ ከድቶኛል። ሥራ ይቀርብናል ብዬ ፈርቼ ደበቅሁ። ዛሬ የተናገረችውን እኔ በአርባ ዓመት ሥራዬ መናገር አልችልም፤ ከእንግዲህ አልደብቃትም።»

ታፈረ መሬት መሬት አየ። የፊልሙ አሳዪ ምስጋኑ፣ ጸጉሩ ገብስማ የሆነ የደሴ ሰው፣ ከማሽኑ ኋላ ወጥቶ የሻረግን ጠራት።

«ይህን በስንት ከተማ አሳይቻለሁ» አላት። «ስለ ዓይናቸው የጠየቀኝ የለም። ነይ እዪው።»

የፊልሙን ጥቅል ፈታ አድርጎ ጫፉን ሰጣት። መስኮቱ ላይ ዘርግታ ጥቃቅኖቹን ሥዕሎች አንድ በአንድ አየች። «አባባ፣ ልጅቷ አንዴ እጇን እንድታነሣ ሃያ ጊዜ ስለዋታል» አለቻቸው።

«ሃያ? አንቺ በአንዱ ታስነሺያታለሽ» አሉ መሪጌታ። የሻረግ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ነገሩ በቀላሉ አላለፈም። አንዳንድ ካህናት «የሴት እጅ ነው» ብለው አኮረፉ፤ የተስማሙበትን ሥራ የተዉም ነበሩ። አባትና ልጅ ሁለት ወር ያለ ሥራ ተቀመጡ። በመጋቢት ግን የአንድ ገጠር ደብር አስተዳዳሪ አባ አራጋው በበቅሎ መጡና ደጅ ላይ ከበቅሏቸው ሳይወርዱ፣ «መሪጌታ፣ ዛሬ የመጣሁት ለእርስዎ አይደለም፤ ለልጅዎ ነው። ሸራውን እዚሁ ትሣለው፣ እኛ ወስደን እንለጥፈዋለን» አሉ።

ሥዕሉ ለደብሩ ንግሥ ደረሰ። መሪጌታ ነጭ ለብሰው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጥግ ቆሙ። ከኮን ከተማ የመጣ አንድ ምእመን ከውስጥ ወጥቶ አጠገባቸው ቆሞ እንባውን ሲጠርግ አዩት። ሰውየው ምንም አልጠየቃቸውም።

«የሻረግ ወልደ ኪዳን ትባላለች» አሉት። «የእኔ ልጅ ናት።»