ፊቱን ያዞረ ካርድ

በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለች ሴት ነበረች። ክፍሉ ከምድር ዝቅ ብሎ የተሠራ በመሆኑ መስኮቱ ከመንገዱ ጋር ትክክል ነበር፤ ከውጭው ዓለም የሚታያትም የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነበር። ረፋድ ላይ ፀሐይ በዚያ መስኮት ስትገባ የእግረኛው ጥላ ብርሃኑን እየቆራረጠ በመደርደሪያዎቹ ላይ ያልፋል። በዚያን ሰዓት ካርዶቹ ሁሉ ቀስ ብለው የሚተነፍሱ ይመስላት ነበር፤ እርሷም ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር፤ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ ያህል።

ከበሩ በስተቀኝ፣ ተኝተው የሚታከሙ ሰዎች ካርድ የሚቀመጥበት፣ መቶ ጉድጓዶች ያሉት የእንጨት ቁም ሣጥን ቆሞ ነበር። ሥርዐቱ ቀላል ነው። የታካሚው ቁጥር በአርባ ሁለት የሚጨርስ ከሆነ ካርዱ በአርባ ሁለተኛው ጉድጓድ ይገባል፤ ያንን ሌላ ሰው ቀድሞ ይዞት እንደ ሆነ ወደ አርባ ሦስተኛው፣ እርሱም ከተያዘ ወደ አርባ አራተኛው ይተላለፋል። ፈላጊም በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ ከአርባ ሁለት ጀምሮ አንድ በአንድ ያያል፤ ባዶ ጉድጓድ ላይ ሲደርስ ግን «እዚህ የለም» ብሎ ይመለሳል።

ከሆስፒታሉ የወጣ ሰው ካርድ ከቦታው አይነሣም ነበር። ቁጥር የተጻፈበት ፊቱ ወደ ውስጥ፣ ባዶ ጀርባው ወደ ውጭ ዞሮ እስከ ወሩ መጨረሻ በዚያው ይቆያል። ይህን ያስተማሯት የክፍሉ የቀድሞ ኀላፊ፣ ዝምታ የሚያበዙ ሽማግሌ ነበሩ።

«ልጄ፣ በእግሩም ይውጣ በሰው ትከሻ፣ ሰውየው እዚህ ነበረ፤» አሏት በመጀመሪያው ቀን። «የነበረን ሰው እንዳልነበረ አታድርጊው።»

ሌላ ምክንያት አልነገሯትም፤ እርሷም አልጠየቀች። ሕፃን ጸሎት ከእናቱ አፍ እንደሚቀበል ተቀበለችው።

ከጊዜ በኋላ ሽማግሌው በጡረታ ተሰናበቱ፤ ሆስፒታሉም መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ወሰነ። ክፍሉ ሊዘጋ ሆነ። ለሠራተኞቹ ሁለት ነገር ቀረበላቸው፤ አንድም ወደ ልብስ ንጽሕና ክፍል መዛወር፣ አንድም የአንድ ዓመት ፈቃድ ወስዶ መማር። እርሷ መማርን መረጠች። ሁለተኛ ደረጃን ስትጨርስ የሒሳብ ውጤቷ ዝቅ ያለ ስለ ነበረ በቀጥታ ኮምፒውተር ሳይንስ ልትገባ አትችልም ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ግን እንዲህ ላሉት ሰዎች የመሠረት ዓመት የሚባል በር ከፍቶ ነበር። ያንን አንድ ዓመት ያለፈ አንደኛ ዓመት ይገባል፤ የወደቀ ሁለተኛ አይፈተንም። ለእርሷ መውደቅ ማለት የልብስ ንጽሕና ክፍል ነበር፤ ያውም የቀረውን ዕድሜ ሁሉ።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ነገሩን ስትነግረው ማንኪያውን አስቀምጦ ተመለከታት።

«አንቺ ሴት፣ በአርባ አራት ዓመትሽ?»

«ዕድሜዬ ምን አለ?»

«እሱማ ምንም አላለም። የሚናገረው ጉልበትሽ ነው። የምትማሩበት ክፍል አራተኛ ፎቅ ነው አሉ።»

«አንተ አይደለህ የምትወጣው!»

«ማታ ‹እግሬን እሽልኝ› የምትይው ለማን ሆነና ነው?» አላት፤ ሆኖም በማግስቱ ደብተርና እርሳስ ገዝቶ የመጣው እርሱ ነበር።

ዓመቱ እንደ ሕልም ሄደ፤ ሕልም የሚያደርገውን ሁሉ እያደረገ፣ አንዳንዱን ቀን እያስረዘመ፣ አንዳንዱን ወር እየዋጠ። በሒሳብ ክፍል ፊደልና ቁጥር ተጋብተው በሰሌዳው ላይ ሲወርዱ፣ ጠመኔው የሚያቦነው አቧራ በብርሃኑ ውስጥ ተንሳፍፎ ሲቀር፣ ከልጆቿ በሚያንሱ ተማሪዎች መካከል ተቀምጣ የማታውቀው አገር ካርታ እያነበበች ያለች ይመስላት ነበር። የየደብተሯን ገጽ ቆጥራ በመጀመሪያው ቅጠል ላይ ማውጫ ስለምታበጅ «እትዬ ማውጫ» የሚል ስም አወጡላት። አጠገቧ የምትቀመጠውን የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ በኪቦርዱ ላይ በሚበርሩት ጣቶቿ ምክንያት «መብረቅ» ይሏታል።

ከትምህርት ስትመለስ በባሏ አውቶቡስ የፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ቀይ መብራት በያዘው ቁጥር እርሱ ከመጽሐፏ አንድ ጥያቄ ያነብባል፤ መብራቱ አረንጓዴ ሳይሆን እርሷ መመለስ አለባት። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጡ አዛውንት ቀድመዋት ቢመልሱ፣ ሾፌሩ በመስታወቱ አፍጥጦ «አባባ፣ እርስዎን ማን ጠየቀዎት? ሒሳቡ የሚስቴ ነው!» ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀው።

በሁለተኛው መንፈቅ መምህሩ፣ ከእርሷ ብዙ የሚያንስ ቀጭን ሰው፣ በሰሌዳው ላይ መቶ ትናንሽ ሣጥኖች ሣለ። «ቁጥሩ በምን እንደሚጨርስ እናያለን፤ ሣጥኑን እርሱ ይነግረናል። ከተያዘ ወደ ቀጣዩ እናልፋለን፤» አለ። ተማሪዎቹ ግንባራቸውን ቋጠሩ። እርሷ ግን እጇ ከጠረጴዛው ሲነሣ አየችው። ሰሌዳው ጥልቀት አገኘ፤ የእንጨት ሽታ ሸተታት፤ የእግረኞች ጥላ በሣጥኖቹ ላይ አለፈ። ኮምፒውተር በሚባለው በዚያ ጠባብ ብረት ውስጥ ለካ እንዲህ ያለ ቁም ሣጥን ቆሟል፤ ሠራተኛም አላጣም፤ ብቻ ሠራተኛው አይታይም።

የዓመቱ መጨረሻ ሥራ ይኸው ነበር፦ በመቶ ሣጥኖች የእንግዳ ማረፊያ ቤት መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም መጻፍ፤ እንግዳ የሚያስገባ፣ የሚያስወጣ፣ ያሉትን የሚቆጥርና የተጠየቀውን ፈልጎ የሚያገኝ። መምህሩ እንግዶች ቢላቸውም እርሷ በልቧ ታካሚዎች አደረገቻቸው። የወጣውንም ሰው ከሣጥኑ ሳታነሣ ፊቱን አዞረችው፤ ይህም ማለት ከስሙ አጠገብ «ወጥቷል» የምትል ምልክት አኖረችለት ማለት ነው።

በፈተናው ጠዋት መምህሩ ከፊት ጠረጴዛ ተቀምጦ በየተራ ይጠራ ነበር። ፕሮግራሙ ከሳተ ተማሪው እስከ ቀትር አርሞ እንዲመለስ ይፈቀድለታል፤ ማርኩ ግን ይቀነስበታል። እስከ ቀትር ያላረመ ወድቋል። መነጋገር አልተከለከለም ነበር።

እርሷ ተጠራች። መምህሩ ስልሳ እንግዶች አስገባ፤ ሦስቱን አስወጣ፤ ቆጠራውን ጠየቀ።

«ስልሳ ይላል፤» አለ።

«አዎ።»

«ሦስቱን አስወጥተናል እኮ።»

«ወጥተዋል።»

«ታዲያ ለምን ይቆጥራቸዋል?»

«ነበሩ እኮ፤» አለች፤ ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን ፊቷ ጋለ። በካርድ ክፍሉ የወሩ ቆጠራ ፊቱን ያዞረውንም ያላዞረውንም አብሮ የሚቆጥር ነበር፤ ጣቶቿ ያንን ልማድ ሳያስፈቅዷት ይዘውት መጥተዋል።

«የኔ እናት፣ ሄደውም አልጋ ከያዙ አዲስ የሚመጣው የት ይተኛ?» አለ መምህሩ፤ ከኋላ ሳቅ ተሰማ። እርሱ ግን አልሳቀም። «እስከ ቀትር አንድ ሰዓት አለዎት። ያርሙና ይመለሱ።»

ወደ ወንበሯ ስትመለስ ወለሉ ከእግሯ ሥር ራቀባት። መብረቅ ወደ እርሷ ጎንበስ አለች።

«እትዬ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? ይደምስሷቸዋ!»

«ማንን?»

«የወጡትን ነዋ! አንድ መስመር ናት። እኔ እንደዛ ነው ያደረግኩት።»

«የነበረ ሰው እንዴት ይደመሰሳል፣ ልጄ?»

«እትዬ ማውጫ፣ ይሄ እኮ ቁጥር ነው። ወይስ ቁጭ ብለን እንባ እናፍስላቸው? ሰዓቱ እየሄደ ነው!»

ሰዓቱ በእርግጥ እየሄደ ነበር። ምልክቷን አነሣች፤ በምትኩ የወጣውን ሰው ሣጥን ባዶ የምታደርገውን መስመር ጻፈች። ፕሮግራሙን አስነሣች። ሃምሳ ሰባት። መብረቅ ጠረጴዛውን መታ አድርጋ «አላልኩም?» አለች።

በካርድ ክፍል ሳለች አንድ ካርድ በነካች ቁጥር ጎረቤቱን ዳስሳ ማለፍ ልማዷ ነበር። አሁንም እንዲያው ዳሰሰች። ቁጥራቸው በአርባ ሁለት የሚጨርስ ሦስት እንግዶች ነበሩ፤ መካከለኛው ወጥቷል። ሦስተኛውን ፈለገችው።

ስክሪኑ «የለም» አለ።

ደግማ ጠየቀች። «የለም።»

«እንዴ! ማንም አላስወጣውም እኮ፤» አለች መብረቅ።

ሴትዮዋ ዐይኗን ጨፈነች። ከምድር በታች ያለው ክፍል ጸጥ ብሎ በዙሪያዋ ተሠራ። የማይታየው ሠራተኛ በአጠገቧ ሲያልፍ አየችው። እጁን ወደ አርባ ሁለተኛው ጉድጓድ ሰደደ፤ ሌላ ሰው ነበረበት። ወደ አርባ ሦስተኛው አለፈ፤ ባዶ ነበር። እጁን ሰበሰበ፤ «እዚህ የለም» ብሎ ተመለሰ። አንድ ጉድጓድ ብቻ አልፎ፣ በአርባ አራተኛው፣ ሰውየው ካርዱን ታቅፎ ተቀምጦ ነበር፤ እየተጠራ፣ እየሰማ፣ የሚደርስበት ግን አጥቶ። በመካከላቸው ፊቱን አዙሮ የሚቆም፣ «እለፍ፣ ከእኔ በኋላ ሰው አለ» የሚል ማንም አልነበረም።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ካርዶቹን በአክብሮት ስታዞር ኖራለች፤ የሄደውን ማክበር የቀረውን ማግኘት መሆኑን ግን እስከዚች ሰዓት አላወቀችም ነበር። ዐይኗን ስትገልጥ ብርሃኑ በኪቦርዱ ላይ ተኝቶ ነበር።

«አለ፤» አለች። «ተቀምጧል። ወደ እሱ የሚያደርሰውን ነው የነቀልነው።»

መብረቅ ስክሪኑን አየች፤ ቀጥሎም የራሷን። ፊቷ ዐመድ መሰለ። «እትዬ… የኔም እንደዚህ ነው ማለት ነው?»

«ስንት ሰው ይቀድምሻል?»

«ሦስት።»

ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር፤ የእርሷ ሥራም ፈርሶ ተቀምጧል። ለአንድ አፍታ ልቧ ወደ ራሷ ስክሪን ሳባት። ከዚያ ወንበሯን ወደ ልጅቷ አስጠጋች።

«ጣቶችሽ ፈጣን አይደሉ? እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊ። አትደምስሽው፤ ‹ወጥቷል› በይው። ፈላጊው ይህን ሲያይ አይቁም፤ ይለፍ። ቆጣሪው ደግሞ…» ጥቂት አሰበች፤ ለራሷም የሚያስፈልጋት ይኸው ነበርና። «ቆጣሪው ይየው፤ ግን አይቁጠረው።»

መብረቅ ስሟ ሲጠራ ጨርሳ ነበር። ስትሮጥ ወንበሯ ወደቀ።

እርሷ ብቻዋን ቀረች። ጣቶቿ ዝግ ያሉ ናቸው፤ ካርድ እንደሚያወጣ ሰው አንዱን ፊደል አግኝታ ወደ ሌላው ትሄዳለች። መጀመሪያ ባስነሣችው ጊዜ ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ተሞላ፤ አንድ ቅንፍ ሳትዘጋ ቀርታለች። ፈለገችው፤ ዘጋችው። ዳግመኛ አስነሣች። ሃምሳ ሰባት። ሦስተኛውን እንግዳ ጠራችው። «አርባ አራተኛ ሣጥን» አለ ስክሪኑ፤ እርሷም ሳታስበው «ተመስገን» አለች፤ ሰምተው የዞሩም ነበሩ።

ወደ ፊት ጠረጴዛ ስትደርስ መምህሩ ሰዓቱን እያየ ነበር። «አራት ደቂቃ ቀርቷል፤» አለ። ስልሳ አስገባ፣ ሦስት አስወጣ፣ ቆጠረ፤ ትክክል። ከዚያም ሆን ብሎ ቁጥራቸው በአንድ ዐይነት ከሚጨርስ ሦስት እንግዶች መካከለኛውን አስወጥቶ ከኋላው ያለውን ፈለገ። ተገኘ። ወደ እርሷ ዞረ።

«ከጠዋት ጀምሮ ይህን ያገኙት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛዋም ከእርስዎ እንደ ተማረች ሳትደብቅ ነገረችኝ። እርስዎ ከየት አገኙት?»

«የካርድ ክፍል አለቃዬ እንዲህ ነበር የሚያሠሩን። ምክንያቱን ግን አልነገሩንም።»

«ምናልባት እሳቸውም አያውቁት ይሆናል።»

«አያውቁትም ይሆናል፤» አለች፤ «ያከብሩት ግን ነበር።»

መምህሩ ራሱን ነቀነቀ፤ በዝርዝሩም ላይ ጻፈ። «ለእርማቱ ቀንሼብዎታለሁ። ሃምሳ ስድስት። ማለፊያው ሃምሳ ነው።»

«አለፍኩ ማለት ነው?»

«አንደኛ ዓመት፣ ኮምፒውተር ሳይንስ። ምዝገባው ሰኞ ነው፤ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ በጠዋት ይምጡ።»

ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ መብረቅ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ሳመቻት፤ የምትናገረውን ሳትጨርስ ጓደኞቿን ልትጠራ ሮጠች። ሴትዮዋ ወደ ደረጃው ሄደች፤ ሦስት ደረጃ እንደ ወረደች ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«እየነዳህ ነው ወይስ ቆመሃል?»

«ቆሜያለሁ!» አለ ባሏ። «ከጠዋት ጀምሮ ልቤ አንቺ ጋ ሆኖ አንድ ፌርማታ ዘልዬ ተሳፋሪው ሊበላኝ ነበር። ንገሪኝ በይ፣ ምን ሆንሽ?»

«ገባሁ።»

«የት?»

«አንደኛ ዓመት።»

ከወዲያ ማዶ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ረዘም ብሎ ጮኸ። አንድ ሰው «ሾፌር፣ ምን ነካህ?» ሲል፣ ሌላው ሲስቅ፣ ጥሩምባው ግን ሳያቋርጥ ሲጮኽ ይሰማታል። እርሷም ስልኩን ከጆሮዋ ሳታርቅ በደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ እስኪያበቃም ድረስ አዳመጠችው።