ቀጭኔው የሰቀለው ሣጥን

ራስል ቦወን ዌንደል ኒስካን የሰደበው ባለፈው ጁላይ አሥራ ዘጠኝ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። ዌንደል ሰዓቱን አይሳሳትም። ስልኩ ኪሱ ውስጥ የነዘረው ሆስፒታል፣ ከሚስቱ ከማርሊስ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ፣ ነርሷ የግሉኮሱን ከረጢት ስትቀይር ነበር። አንዱ ጫካ ውስጥ ሣጥን ደብቆ፣ ሌላው በጂፒኤስ ፈልጎ ውስጡ ባለው ደብተር ላይ የሚፈርምበት ጨዋታ አለ፤ በሣጥን ፈላጊዎቹ ድረ ገጽ ላይ፣ እሱ በሰቀለው ሣጥን ስም ሥር፣ እንዲህ ተጽፏል፦ «ሣጥኑን አየሁት፤ አልደረስኩበትም። የደበቀው ሰው ወይ ልኬት አልተማረም፣ ወይ ቀጭኔ ነው። መሰላል ይዛችሁ ሂዱ።» አሥራ አንድ ሰው ስቆበታል። ዌንደል አሥራ አንዱንም በስም ያውቃቸዋል።

ሣጥኑ ከፍ ማለቱ እውነት ነው። ባለፈው ዓመት ማርች ላይ ከማርሊስ ጋር ሲሰቅሉት ጫካው ውስጥ ያለው በረዶ ከወገብ በላይ ነበር። ሰፋፊውን የበረዶ መርገጫ እግራቸው ላይ አስረው፣ በረዶው ላይ እንደ ወለል ቆመው፣ እሱ እጁን ዘርግቶ ከጥዱ ቅርንጫፍ በሽቦ አሰረው። በረዶው ሲቀልጥ መሬቱ ወረደ፤ ሣጥኑ ሰማይ ላይ ቀረ። በረዶን መሬት ነው ብሎ ማመን እዚህ አገር ማንም አንድ ጊዜ የሚሠራው ስሕተት ነው። ግን እንደ ራስል ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው፣ ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጦ አርባ ዓመት ጣውላ በልኬት ሲሰነጥቅ የኖረን ሰው «ልኬት አልተማረም» ሲለው ነገሩ ሌላ ነው። ያ አጥንት ውስጥ ይገባል።

የዚያን ዕለት ማርሊስ ጓንቷን በጥርሷ ስባ አውልቃ፣ ሣጥኑ ውስጥ በሚቀመጠው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ በእርሳስ የሆነ ነገር ጻፈች። ሊያይ አንገቱን ሲያሰግግ ደብተሩን ጥርቅም አደረገችው።

«ደባቂ የራሱን ሣጥን አይፈርምም፤ ሕጉን ታውቃለህ» አለችው። «አንድ ቀን እንደ ፈላጊ ትመጣና ታነበዋለህ።»

ኦገስት ሦስት ቀን ሞተች።

መሰላል ጋራዡ ውስጥ ነበረው። ከቀብሩ በኋላ ስንት ጊዜ እጁን እንዳሳረፈበት እሱ ያውቃል። ነገር ግን መሰላል ተሸክሞ ጫካ መግባት ማለት ራስል ቦወን ልክ ነበር ብሎ በአደባባይ መፈረም ነው። ስለዚህ በረዶ ይጠብቅ ጀመር። በእግሬ ሄጄ፣ በእጄ አወርደዋለሁ አለ። ክረምቱ ደግሞ ጨከነበት። ዲሴምበር ዝናብ ሆኖ አለቀ፤ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ በረዶው ከጉልበት አላለፈም። ማርች በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከሐይቁ የተነሣ ማዕበል ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት ሲጥል ሰነበተ። ሲያባራ በረዶው የመስኮቱን ደፍ ነክቶ ነበር። ዌንደል በረዶው እስኪጠጥርለት አንድ ሳምንት ታገሠ፤ ፀሐይ ሳታፈርሰው ደግሞ ተነሣ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ጂፒኤሱን ከኪሱ አላወጣውም። የንባብ መነጽሩን ግን ሦስት ጊዜ ደረቱን ዳብሶ መኖሩን አረጋገጠ። ማርሊስ ትልቅ ነገር ትጽፋለች ብሎ አይደለም። በሰው የምታሾፍ ሴት ነበረች፤ ምናልባት ፊደል ስቶ የጻፈውን ነገር አርማለት ይሆናል። ያም ይበቃዋል። ስምንት ወር ሙሉ ቤቱ ውስጥ አዲስ ቃል የተናገረው ሰው የለም።

የበረዶው ቅርፊት ከመርገጫው ሥር እየተሰበረ ይጮኻል፤ ከጥዶቹ ውሃ ይንጠባጠባል። ወንዙን እንደ ተሻገረ ሌላ ዱካ አየ። ሰፊ፣ ትኩስ የመርገጫ ዱካ ነው፤ ይሄዳል እንጂ አይመለስም። ዌንደል ልቡ እየከበደው ዱካውን ተከተለ። ሌላ ሰው የረገጠው መንገድ ለእግሩ ቀለለውና፣ በመቅለሉ ተናደደ።

ጥዱ ሥር ራስል ቦወን ቆሟል፤ ጺሙ ላይ አመዳይ ተጋግሯል። በግንዱ ዙሪያ በረዶውን ምሶ፣ በረዶው ሲቀልጥም ሰው ሊደርስበት በሚችል ዝቅታ፣ አዲስ አረንጓዴ ሣጥን አስሯል።

«ቀጭኔው መጣ!» አለ ራስል፣ ፊቱ በርቶ። ክፋት አልነበረበትም፤ ዌንደልን የባሰ የጎዳው ይኸው ነው።

ራስል ወሬው ብዙ ነው። ድረ ገጹን የሚቆጣጠሩት ሰዎች ባለቤቱ ዞር ብሎ አላየውም ብለው ሣጥኑን ሊሰርዙት ነበር አለ። ስለ ማርሊስ ሰምቶ ስለ ነበር፣ ሐዘንተኛ አይወቀስም፣ እኔ ላድስለት ብሎ ተማጸናቸው። ማዕበሉ እንዳባራ፣ እሑድ መጥቶ አሮጌውን አወረደ። ሽኮኮ ክዳኑን በልቶት ውስጡ ውሃ ሞልቶ ነበር። ደብተሩ ገንፎ ሆኗል። ቤቱ ወስዶ ምድጃ ውስጥ አቃጠለው። ይኸው ዛሬ ደግሞ አዲስ ደብተር ይዞ መጣ፤ ምስጋና አያስፈልግም።

ዌንደል አዲሱን ሣጥን ትኩር ብሎ አየው።

«የመጀመሪያው ገጽስ?» አለ።

«የመጀመሪያው ገጽ ምን?»

«በእርሳስ የተጻፈው።»

ራስል ሊስቅ ከጀመረ በኋላ የዌንደልን ፊት አየ። ኮፍያውን ቀስ ብሎ አወለቀ።

«የእሷ ነበር እንዴ? ዌንደል፣ እኔ እኮ አላወቅሁም። ስምም የለበትም።» ቀጥሎም፣ «ግን ያን ገጽ ሳላቃጥለው አንብቤዋለሁ። እርሳስ ውሃ አይፈራም። ልንገርህ?» አለው።

ውሃው ከጥዱ ጠብ ጠብ ይላል። ዌንደል የራስልን ከንፈር አየ፤ «ቀጭኔው መጣ» ያለውን ከንፈር። ቃሉ ከዚያ ወጥቶ ወደ ጆሮው ይመጣል። ከዚያ በኋላ ወጥ ቤት ሲቀመጥ፣ አልጋው ላይ ሲጋደም፣ ማርሊስ በዚህ ሰው ድምፅ ትናገረዋለች። እስኪሞት ድረስ በዚህ ሰው ድምፅ። ካልሰማው ደግሞ ምንም የለም።

በበረዶ መርገጫ ቶሎ ዞር አይባልም፤ አንዱን እግር፣ ከዚያ ሌላውን፣ እንደ አሮጌ ላም በሰፊው መዞር ነው። ዌንደል ዞረ።

«ዌንደል» አለ ራስል ከኋላው፣ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኖ። «ሦስት ቃል ብቻ ነው።»

ዌንደል በመጣበት ዱካ መራመድ ጀመረ። የፀሐይዋ ሙቀት በረዶውን አልስልሶት ኖሮ፣ በየእርምጃው ትንሽ ትንሽ ዝቅ ይላል።